ከነርሲንግ ሆም ወደ ቤት፦ ገንዘቡ የወሰነው ታሪክ

ስለ አሜሪካ አረጋውያን ሲወራ በእኛ ዘንድ ቶሎ የሚሰጥ ፍርድ አለ። “ፈረንጅ ወላጁን አውጥቶ ይጥላል” ይባላል። ልጇን ልትጠይቅ ከአገር ቤት የመጣች እናት በየሰፈሩ ያለውን፣ ነርሲንግ ሆም የሚባለውን የአረጋውያንና የሕሙማን ማቆያ ተቋም አይታ ይህን ብትል አይፈረድባትም። መዝገቡን ያገላበጠ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። በአሜሪካም ቢሆን አብዛኛውን የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ ያለ ክፍያ የሚሸከመው ቤተሰብ ነው። ነርሲንግ ሆሞች እንዲያ ሊበዙ የቻሉት ከ1935 ጀምሮ በተከታታይ የወጡ ሕጎች የመንግሥትን ገንዘብ ወደ ተቋም ስለመሩት ነው። ከዚያ ወጥተው ወደ ቤታቸው የተመለሱትም መመለስ የቻሉት ገንዘቡ የሚሄድበት አቅጣጫ በተለወጠ ጊዜ ነው። አቅጣጫውን ለማስለወጥ መጀመሪያ የተነሡት ደግሞ እዚያው ውስጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1935 በፊት ጧሪ ያጣ አሜሪካዊ አረጋዊ መጨረሻው ካውንቲው የሚያስተዳድረው የድሆች ቤት ነበር። ሽማግሌው፣ የአእምሮ ሕመምተኛው፣ ዓይነ ስውሩ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚታጎሩበት፣ ስሙ ሲነሣ ሰው የሚሸማቀቅበት ቦታ ነው። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ኦገስት 14 ቀን 1935 የፈረሙት የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ለድሃ አረጋውያን ድጎማ ሲሰጥ አንድ ክልከላ ጨመረ፤ በመንግሥት ተቋም ውስጥ የሚኖር ሰው ድጎማውን አያገኝም። አርቃቂዎቹ የፈለጉት የድሆች ቤቱን ማጥፋት ነበር። ሰውየው ብሩን ይዞ በገዛ ቤቱ ወይም ከዘመዱ ጋር ይኑር ብለው ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም ሰው ቤትም ዘመድም አልነበረውም፤ ታሞ የተኛው ደግሞ አስታማሚ ይፈልጋል። ትርፍ ክፍል ያላቸው ሰዎችና ሥራ ያጡ ነርሶች ድጎማውን እየተቀበሉ አረጋውያንን ቤታቸው አስገብተው ማስታመም ጀመሩ። የግል ነርሲንግ ሆም በሰፊው የተስፋፋው እንዲህ፣ ማንም ሳያቅደው ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሕጎች ግን አውቀው አሰፉት። በ1950 የተደረገው ማሻሻያ ክፍያው በአረጋዊው እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ለተቋሙ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ ስቴቶችም ተቋማቱን ፈቃድ እየሰጡ እንዲቆጣጠሩ ጠየቀ። በ1954 የሆስፒታል ግንባታ በጀት ለትርፍ ላልተቋቋሙና ለመንግሥት ነርሲንግ ሆሞች ተከፈተ። በ1959 ደግሞ ለትርፍ ለሚሠሩት የፌዴራል የብድር ዋስትና መጣ። ለሕንፃው ገንዘብ ተገኘ፤ ለአልጋው ገንዘብ ተገኘ። ቤቱ ተኝቶ ውሃ የሚያቀብለው ለፈለገ ሰው ግን የተመደበ ነገር አልነበረም።

ትልቁ ውሳኔ የመጣው ጁላይ 30 ቀን 1965 ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሚዙሪ ውስጥ ኢንዲፔንደንስ በተባለችው ከተማ፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ባሉበት፣ ሜዲኬርንና ሜዲኬይድን ያቋቋመውን ሕግ ፈረሙ። ሜዲኬር የአረጋውያን የሕክምና ዋስትና ነው። ሜዲኬይድ ደግሞ የድሆች የሕክምና ዋስትና ነው፤ ወጪውን የፌዴራሉ መንግሥትና ስቴቱ ይጋሩታል። በውስጡ የነበረ አንድ ልዩነት ከዚያ ወዲህ ያሉትን ስድስት አሥርት ዓመታት ወሰነ ማለት ይቻላል። ወደ ፕሮግራሙ የገባ ስቴት መስፈርቱን ላሟላ አዋቂ ሰው የነርሲንግ ሆም ወጪውን የመክፈል ግዴታ አለበት። ቤት ድረስ መጥቶ ለሚያጥበው፣ ለሚያለብሰውና ለሚያበላው ሰው የሚከፈለው ግን ለስቴቱ ፈቃድ ተተወ። በዚያ ላይ ስቴቶች የአእምሮ ሆስፒታሎቻቸውን ወጪ በአብዛኛው ብቻቸውን ይሸከሙ ስለነበር፣ እዚያ የነበሩ አረጋውያንን ዋሽንግተን ወጪውን ወደምትጋራበት ነርሲንግ ሆም ማዛወሩ አዋጣቸው። በ1963 በእነዚህ ተቋማት የሚኖረው ሰው ወደ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ1977 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት 1.3 ሚሊዮን ደርሶ ተገኘ።

አሠራሩን ጠጋ ብለን እንየው። ብቻዋን የምትኖር ባልቴት በስትሮክ ወድቃ ሆስፒታል ገባች እንበል። ከሆስፒታል ወደ ነርሲንግ ሆም ትላካለች። ሜዲኬር የሚሸፍነው ቢበዛ እስከ 100 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ከራሷ ትከፍላለች፤ ያጠራቀመችው አልቆ በአብዛኞቹ ስቴቶች ከ2,000 ዶላር በታች ሲደርስ ሜዲኬይድ ይረከባታል። ከዚያ ወዲያ ጡረታዋ በየወሩ ለተቋሙ ይገባል፤ ለራሷ የሚቀርላት የኪስ ገንዘብ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ለዚህ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን ከ1988 ጀምሮ 30 ዶላር ነው። ለስልክ፣ ለፀጉር፣ ለልብስ፣ ለልጅ ልጅ ስጦታ በወር 30 ዶላር። የአፓርታማዋ ኪራይ አልተከፈለምና ቤቱ ለሌላ ይከራያል፤ ዕቃዋም ይበተናል። ከስድስት ወር በኋላ ቆማ መሄድ ብትጀምር እንኳ የምትመለስበት ቤት የለም፤ ለአዲስ ቤት ዋስትና የምታስይዘው ገንዘብም የላትም። በሩ አልተቆለፈም፤ የሚያስወጣ መንገድ ግን የለም። ሕጉን ያረቀቀ ማንም ሰው ይህን ፈልጎ እንዳላደረገው አምናለሁ፤ ሆኖም ውጤቱ ይህ ነው።

ይህን አሠራር በግልጽ የተጋፈጡት መጀመሪያ አረጋውያን አልነበሩም፤ ወጣቶች ነበሩ። በዚያ ዘመን ከአንገቱ በታች የማይንቀሳቀስ የ20 ዓመት ልጅ፣ ወላጆቹ ሲደክሙ ወይም ሲሞቱ፣ የሚገባው እዚያው ከ80 ዓመት አዛውንት ጎን ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ በርክሌይ ላይ ኤድ ሮበርትስ የሚባል ወጣት ነበር። በ14 ዓመቱ ፖሊዮ ይዞት አብዛኛውን የሰውነት ክፍሉን ማንቀሳቀስ የማይችል ሆነ፤ ለመተንፈስም መሣሪያ ያስፈልገው ነበር። በ1962 ዩኒቨርሲቲ ገባና መኖሪያው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሆነ። እሱና ጓደኞቹ በ1972 የከፈቱት ራስን ችሎ የመኖር ማዕከል ረዳቱን የሚቀጥረውም የሚያሰናብተውም ራሱ አካል ጉዳተኛው እንዲሆን አደረገ። ነርስ ወይም ሐኪም የሚያዝበት ነገር አይደለም፤ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚነሣና ምን እንደሚበላ የሚወስነው የቤቱ ባለቤት ነው። ይህ ሐሳብ ዛሬ ተራ ይመስላል፤ ያኔ ግን አልነበረም።

ዴንቨር ላይ የሆነው ከዚህም ያይላል። ዌድ ብላንክ በሲቪል መብት ትግል ውስጥ ያለፈ የፕሬስቢቴሪያን ቄስ ነበር። በ1971 ወደ ኮሎራዶ መጥቶ ከዴንቨር አጠገብ በምትገኘው ሌክዉድ ሄሪቴጅ ሃውስ በተባለ ነርሲንግ ሆም ተቀጠረ። እዚያ የወጣቶች ክፍል እንዲቋቋም አደረገ፤ ወጣቶቹ ሙዚቃ እንዲሰሙ፣ ከግቢ እንዲወጡ፣ ኮንሰርት እንዲያዩ ረዳቸው። ሦስት ዓመት ያህል እንደሠራ ግን ክፍሉን የቱንም ያህል ቢያሳምሩት ተቋም ተቋም መሆኑን ተረዳ። ጥቂቶቹ ወጣቶች ከግቢው ወጥተው አፓርታማ ተከራይተው ይኑሩ፣ እርዳታውም እዚያው ይድረሳቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። መልሱ ከሥራ መባረር ሆነ። ለወጣቶቹ ተሰጥተዋቸው የነበሩት ትናንሽ ነፃነቶችም ተነሡ።

ብላንክ ወጣቶቹን ትቶ አልሄደም። አትላንቲስ ኮሚዩኒቲ የተባለውን ማኅበር መሠረተና በ1975 በዴንቨር ላስ ካሲታስ በሚባል የመንግሥት የኪራይ ቤቶች ሰፈር ቤቶችን አመቻችቶ ከነርሲንግ ሆሙ ያወጣቸውን ሰዎች አስገባ። የማኅበሩ ረዳቶች ሰው ያጥባሉ፣ ያለብሳሉ፣ ምግብ ያበስላሉ፤ ግን በሰውየው ቤት፣ በሰውየው ሰዓት። በዚያው ዓመት የዴንቨር ነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች ክስ መሠረቱ፤ የተከሰሰው ደግሞ እስከ ፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት ድረስ ነበር። ክርክሩ ዘጠኝ ዓመት ወሰደ፤ ክሱ በስሙ የተጠራው ነዋሪ ፍርዱን ሳያይ ሞተ። በ1984 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የወሰነው ነጥብ ቀላልና ከባድ ነው። መንግሥት ሲቆጣጠር የኖረው ተቋሙ በወረቀት ላይ እንክብካቤ የመስጠት አቅም እንዳለው ነው፤ በአልጋው ላይ ያለው ሰው እንክብካቤውን በእርግጥ ማግኘቱን አላየም። ይህንን ማየት የመሥሪያ ቤቱ ግዴታ ነው ተባለ። በ1987 የወጣው የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ ከዚህ ክስ ጋር የተያያዘ ነው።

ከተቋም የወጡት ሰዎች ወዲያው ሌላ ግድግዳ ገጠማቸው፤ አውቶቡስ። የዴንቨር አውቶቡሶች ተሽከርካሪ ወንበር የሚያነሣ ማንሻ አልነበራቸውም። ነርሲንግ ሆምን ጥሎ አፓርታማ ውስጥ መቀመጥ፣ ገበያም ሥራም ወዳጅ ቤትም መሄድ ካልተቻለ፣ ምን ነፃነት ይባላል? ፍርድ ቤት ሞከሩ፤ አልተሳካም። ጁላይ 5 ቀን 1978 አሥራ ዘጠኝ ሰዎች በተሽከርካሪ ወንበራቸው ብሮድዌይና ኮልፋክስ አቬኒው የሚገናኙበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ወጥተው አውቶቡሶችን ከበቡ፤ ሌሊቱንም እዚያው አስፋልት ላይ አደሩ። ኮልፋክስ ለዴንቨርና ለኦሮራ ኢትዮጵያውያን እንግዳ ስም አይደለም፤ ወደ ምሥራቅ ሲነዱ የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች የሚገኙበት ጎዳና ነው። በዚያ ጎዳና የሚያልፍ የአገራችን ሰው ስለ አሥራ ዘጠኙ ሰዎች ቢያውቅ ደስ ይለኛል፤ ዛሬ እናቱ ማንሻ ባለው አውቶቡስ ላይ የምትሳፈረው እነሱ ያን ሌሊት ውጭ ስላደሩ ጭምር ነውና።

ከዚያ ቡድን በ1983 አዳፕት የተባለው አገር አቀፍ ድርጅት ተወለደ። ማርች 12 ቀን 1990 አባላቱ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ትተው የአሜሪካን ምክር ቤት ደረጃዎች በእጃቸውና በጉልበታቸው እየዳኹ ወጡ፤ ከመካከላቸው የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። በዚያው ዓመት ጁላይ 26 ቀን የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ተፈረመ። አዳፕት በዚህ ሕግ የአውቶቡሱን ትግል እንዳሸነፈ ወደ መነሻው ተመለሰና ከሜዲኬይድ የነርሲንግ ሆም በጀት ሩቡ ለቤት ለቤት ረዳቶች ይዙር ብሎ ጠየቀ። ብላንክ የዚህን ትግል ፍሬ ሳያይ ቀረ። በ1993 ሜክሲኮ ባሕር ዳርቻ ላይ ትንሹን ልጁን ከመስጠም ሊያድን ገብቶ አባትና ልጅ አብረው አለፉ።

የአረጋውያኑ መንገድ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። በሳን ፍራንሲስኮ የቻይናውያን ሰፈር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነርሲንግ ሆም እንሥራ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። የጥርስ ሐኪሙ ዊሊያም ጊ እና ከስዊዘርላንድ የመጣችው የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ማሪ ሉዊዝ አንሳክ ነገሩን ሲያጠኑ፣ ሕንፃው ከአቅም በላይ ከመሆኑም ሌላ ሽማግሌዎቹ ምግባቸውንና ቋንቋቸውን ትተው እንዲህ ያለ ቦታ መግባት እንደማይፈልጉ አዩ። ኦን ሎክ ብለው የመሠረቱት ድርጅት በ1973 የቀን መዋያ ከፈተ። አረጋውያኑ ጠዋት ከቤታቸው በመኪና ይወሰዳሉ፤ ሐኪምም ምሳም ወዳጅም እዚያ ያገኛሉ፤ ማታ ቤታቸው ይመለሳሉ። ቆይቶ የክፍያው ሥርዓት ተለወጠ። ድርጅቱ ለአንድ ሰው በወር የተወሰነ ገንዘብ ይቀበልና ሆስፒታልም ሆነ ነርሲንግ ሆም ቢያስፈልግ ወጪውን ራሱ ይሸፍናል። ስለዚህ ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ቤቱ ቢቆይ ድርጅቱም ይጠቀማል። በ1997 ይህ አሠራር ፔስ በሚል ስም ቋሚ የፌዴራል ፕሮግራም ሆነ። እናቶቻችን በእንጀራና በአማርኛ ነገር ምን ያህል እንደማይደራደሩ ለሚያውቅ ሰው የቻይናውያኑ ምክንያት ማብራሪያ አይፈልግም።

ዋሽንግተን ራሷ ሕጉን መፈተሽ ስትጀምር የአንዲት ሕፃን ጉዳይ ጎልቶ ወጣ። ኬቲ ቤኬት በ1978 አይዋ ውስጥ ሲዳር ራፒድስ ተወለደች። ገና በጨቅላነቷ የአንጎል ኢንፌክሽን ይዟት ያለ መተንፈሻ መሣሪያ መኖር አቃታት። የቤተሰቡ ኢንሹራንስ ተሟጠጠ። ሆስፒታል እስከተኛች ድረስ ሜዲኬይድ ይከፍላል፤ ቤቷ ከገባች ግን የወላጆቿ ገቢ ይቆጠርና ክፍያው ይቆማል። ሐኪሞቹ ቤቷ መሆን ትችላለች ብለው ሳለ ሆስፒታል ቀረች። ፕሬዚዳንት ሬገን በኖቬምበር 1981 ጉዳዩን በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ አንሥተው፣ ሆስፒታል ለማቆየት በወር 6,000 ዶላር የሚከፍል መንግሥት ቤት ለማቆየት የዚያን አንድ ስድስተኛ እንዴት ይከለክላል ብለው ጠየቁ። ልጅቷ በዚያው ዓመት ለገና ቤቷ ገባች፤ እስከ 34 ዓመቷ ኖራ በ2012 አረፈች። በዚያው 1981 የወጣው የበጀት ሕግ ስቴቶች ልዩ ፈቃድ እየጠየቁ የሜዲኬይድን ገንዘብ ለቤት እንክብካቤ እንዲያውሉት ፈቀደ። ዌቨር የሚባለው ይህ ነው። ወግ አጥባቂው ሬገንና የአዳፕት ሰልፈኞች በብዙ ነገር አይገናኙም ነበር፤ በዚህ ነጥብ ግን ሒሳቡ አገናኛቸው።

ገንዘብ መፍቀድ አንድ ነገር ነው፤ መብት ማድረግ ሌላ። መብቱን ያመጡት ሁለት የጆርጂያ ሴቶች ናቸው። ሎይስ ከርቲስ የአእምሮ እድገት ውስንነትና ስኪዞፍሬኒያ ያለባት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ከተቋም ተቋም የተመላለሰች ሴት ነበረች። በሜይ 1992 አትላንታ በሚገኘው የስቴቱ ሆስፒታል ገባች። በዓመቱ የሕክምና ቡድኗ ሕመሙ ረግቷል፣ ከኅብረተሰቡ ጋር እየኖረች ልትረዳ ትችላለች ብሎ ወሰነ። ይሁን እንጂ አልወጣችም። አትላንታ ሊጋል ኤይድ ወደሚባለው የነፃ ሕግ ድጋፍ ቢሮ እየደወለች መቼ ነው የምወጣው ትል ጀመር። ስልኩን ያነሣችው ጠበቃ ሱ ጀሚሰን በ1995 ክስ መሠረተች። ኢሌን ዊልሰን የተባለችው ሁለተኛዋ ከሳሽ በኋላ ገባች። የእርሷ ታሪክ ላይ አንባቢ ቆም ይበል። በማርች 1995 ሆስፒታሉ ሊያስወጣት ፈልጎ ነበር፤ ሊልካት ያሰበው ግን ቤት ለሌላቸው ሰዎች መጠለያ ነው። ጠበቃዋ አቤቱታ ስታቀርብ ሐሳቡ ቀረ።

ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። ሰውን ከተቋም ማስወጣት በራሱ በጎ ሥራ አይደለም። አሜሪካ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአእምሮ ሆስፒታሎቿን ስታራግፍ የተከተለ እርዳታ ስላልነበረ ብዙዎች ጎዳና ላይ ቀርተዋል። ኢሌን ዊልሰን የጠየቀችው በር እንዲከፈትላት ብቻ አልነበረም፤ ቤትና የሚረዳት ሰው ነው።

ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ተከሳሹ የጆርጂያ ባለሥልጣን ቶሚ ኦልምስቴድ ስለነበር ፍርዱ በእሱ ስም ይጠራል። ጁን 22 ቀን 1999 ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ የጻፉት ውሳኔ ተነበበ። በ1990ው የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ መሠረት ያለ በቂ ምክንያት ሰውን በተቋም ማግለል መድልዎ ነው ይላል ጭብጡ። የሰጡት ምክንያት ሁለት ነው። ማግለሉ የተገለለው ሰው ከሌሎች ጋር ለመኖር አይችልም ወይም አይገባውም የሚለውን ግምት ያጸናል፤ በዚያ ላይ የቤተሰብን ፍቅር፣ ወዳጅነትን፣ ሥራንና ትምህርትን ያሳጣል። ፍርዱ ልክም አበጀ። የስቴቱ ባለሙያዎች ይስማሙ፣ ሰውየው ራሱ አይቃወም፣ የስቴቱም አቅም ይታይ አለ። ተቋም ለሚያስፈልገው ሰው ተቋም ይዘጋ የሚል ነገር በሕጉ እንደሌለም ጊንስበርግ በግልጽ አስፍረዋል። ጉዳዩ የተነሣው ከአእምሮ ሆስፒታል ቢሆንም መርሁ ለነርሲንግ ሆም ነዋሪም ሆነ።

ሎይስ ከርቲስ ሠዓሊ ሆነች። በጁን 2011 ኋይት ሃውስ ተጋብዛ ሥዕሏን ለፕሬዚዳንት ኦባማ ሰጠች። በኖቬምበር 2022 በ55 ዓመቷ ያረፈችው ክላርክስተን፣ ጆርጂያ በሚገኘው ቤቷ ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስደተኞች በሰፈሩባት በዚያች ትንሽ ከተማ። ኢሌን ዊልሰን ቀደም ብላ በ2004 አርፋለች።

መብቱ ከተገኘ በኋላ ያቺ በስትሮክ የወደቀችው ባልቴት ለአዲስ ቤት ማስያዣ የሚሆን ገንዘብ ከየት ታምጣ የሚለው ጥያቄ ቀረ። በ2001 የቴክሳስ ምክር ቤት ለነርሲንግ ሆም የተመደበው ገንዘብ ሰውየውን ተከትሎ ወደ ቤቱ እንዲሄድ የሚያደርግ አንቀጽ በበጀቱ ውስጥ አስገባ። የፌዴራሉ መንግሥት ሐሳቡን ወስዶ በ2006 መጀመሪያ በተፈረመ ሕግ አገር አቀፍ አደረገው። ከ2007 ጀምሮ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች በዚህ ፕሮግራም ከተቋም ወጥተዋል። ሥራው በዝርዝር ሲታይ ትልቅ ነገር አይመስልም። አስተባባሪዋ መጥታ ሰውየውን ታነጋግራለች፤ የጠፋ መታወቂያ ታስወጣለች፤ የቤት ማስያዣ ትከፍላለች፤ አልጋ፣ ድስት፣ አንሶላ ትገዛለች፤ ለተሽከርካሪ ወንበር መውጫ ታሠራለች፤ ጠዋትና ማታ የሚመጣ ረዳት ትቀጥራለች። አንድ ሰው ዓመታት ተቋም ውስጥ የቀረው እነዚህን የሚያደርግለት አጥቶ ነው። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ስድስት ወር ተቋም ውስጥ የቆየን ሰው ብቻ ይቀበል ነበር፤ በኋላ 90 ቀን፣ ከዚያም 60 ቀን ሆነ። በ2013 የሜዲኬይድ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ወጪ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግማሽ በላይ በቤትና በኅብረተሰብ ውስጥ ለሚሰጥ አገልግሎት ሆነ። ከ1965 እስከዚያ 48 ዓመት ነው።

በዚህ ሁሉ ድል ውስጥ አንድ ያልተከፈለ ዕዳ አለ፤ እኛንም በቀጥታ ይነካናል። ሰውየው ቤቱ የሚኖረው ሌላ ሰው በየጠዋቱ ስለሚመጣለት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከእነዚህ ረዳቶች መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን እናቶችና እህቶች አሉ፤ ሁለት ሥራ ይዘው፣ ሌሊት አድረው የሰው ወላጅ ያነሣሉ፣ ያጥባሉ። በ1974 የሠራተኛ ሕጉ ለቤት ሠራተኞች ሲሰፋ “አብሮ ውሎ የሚያጫውት” ሰው ከዝቅተኛ ደመወዝና ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጭ ተደረገ። የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠራተኛውም በዚያ ተካቶ ቀረ። ከጃማይካ ወደ ኒው ዮርክ የሄደችው ኤቭሊን ኮክ የትርፍ ሰዓቷን ጠይቃ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሟገተች። በ2007 በሙሉ ድምፅ ተፈረደባት፤ በ2009 ሞተች። ኤጀንሲዎች ዝቅተኛ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት እንዲከፍሉ ያስገደደው ደንብ ሥራ ላይ የዋለው በ2015 ነው። የአንዱ ነፃነት በሌላዋ ጉልበት ርካሽነት ላይ አርባ ዓመት መቆሙ የዚህ ታሪክ የሚያሳፍር ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

የ1965ቱ ልዩነትም አልጠፋም። የነርሲንግ ሆም ክፍያ ዛሬም ግዴታ ነው፤ አብዛኛው የቤት እንክብካቤ ዛሬም በስቴቱ ፈቃድ ነው። ስቴቶች በዌቨር የሚገባውን ሰው ቁጥር መገደብ ስለሚችሉ በ2023 በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ የነበረው ሰው ወደ 700 ሺህ ይጠጋ ነበር። ወላጁን በዌቨር ለማስመዝገብ የሚያስብ ሰው እናቱ እስክትወድቅ መጠበቅ የለበትም፤ ስሟን ዛሬ ያስመዝግብ።

ዘመድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ያለው አንባቢም አንድ ነገር ይወቅ። ከኦክቶበር 2010 ጀምሮ ተቋሙ በየጊዜው በሚሞላው የምዘና ቅጽ ላይ፣ ክፍል “ኪው” በሚባለው፣ ነዋሪው ከዚህ ወጥቶ በኅብረተሰቡ ውስጥ እየኖረ አገልግሎት ስለማግኘት የሚያነጋግረው ሰው ይፈልግ እንደሆነ ይጠየቃል። አዎ ካለ ተቋሙ ጉዳዩን ለሚመለከተው የአካባቢ ድርጅት ማሳወቅ አለበት። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ሲቀርብ አንገታቸውን ነቅንቀው ዝም የሚሉ እናቶችና አባቶች አሉን። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ወደ እንክብካቤ ስብሰባው ሂዱ፣ ክፍል “ኪው” ላይ የተጻፈውን መልስ ለማየት ጠይቁ፣ ጥያቄውም በአማርኛ እንደገና እንዲቀርብላቸው አድርጉ።